መግደርደር የማያውቅ ማሽን

ልጄ አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለች ደረጃዋ ወረደ። የመጀመሪያውን መንፈቅ ካርድ ስታመጣ እናቷ አየችና ወደ እኔ አሳለፈችው። እኔም አይቼ ለልጅቱ መለስሁላት። ማንም ምንም አልተናገረም። በእኛ ቤት ዝምታ ማለት ፍርዱ ገና አልተሰጠም ማለት ነው።

ምክንያቱን አውቀው ነበር። ልጄን ከመጽሐፏ ያራቃት ከትምህርት በኋላ የምትውልበት ክበብ ነው። በዚያ ክበብ ከሚያስተምሩት ሁለት ሰዎች ደግሞ አንዱ እኔ ነበርሁ።

መምህር አይደለሁም። ጎንደር፣ ፒያሳ ዳር ባለች ሱቅ ሬዲዮ፣ ቴፕና ቴሌቪዥን እጠግናለሁ። ትምህርቴ ስምንተኛ ክፍል ላይ ቆሟል፤ የቀረውን የተማርሁት ከተበላሸ ዕቃ ነው። የተበላሸ ዕቃ ጥሩ አስተማሪ ነው። አይቆጣም፣ አይቸኩልም፤ ሲሳሳቱ ግን እዚያው ያቃጥላል። ልጆቼንም በዚሁ መንገድ ለማሳደግ ሞክሬአለሁ፤ አለመቆጣቱ ላይ ብቻ አልተሳካልኝም።

ትምህርት ቤቱ ውስጥ የገባሁት በማይክራፎን ነው። የሰልፍ ማይክራፎናቸው ክረምት በመጣ ቁጥር ይታመማል፤ እኔ አክመዋለሁ። አንድ ቀን ጠግኜ ላስረክብ ስሄድ ርእሰ መምህሩ ከቁም ሣጥናቸው አንድ ካርቶን አውጥተው ከፈቱልኝ። ውስጡ ትንንሽ ሞተሮች፣ ጎማዎች፣ ሽቦዎችና ርቀት የሚለኩ ዐይን መሳይ ነገሮች ነበሩበት። ለሁሉም ትእዛዝ የሚሰጥ ከመዳፍ የማይበልጥ ሰሌዳም ነበር።

«ሮቦቲክስ ይባላል» አሉኝ።

«ምን ይሠራል?»

«እሱን ነው እንግዲህ» አሉ።

ካርቶኑ በርዳታ ከመጣ ሰንብቷል። እንዳይበላሽ ተብሎ ተቆልፎበት ኖሯል። በአገራችን ዕቃ ከብልሽት የሚድነው ሥራ ባለመሥራት ነው፤ አንዳንድ ሰውም እንዲሁ።

ክበቡን እንዲመራ የተመደበው ማራኪ ሠፈር ካለው ዩኒቨርሲቲ ገና የወጣ ወጣት የፊዚክስ መምህር ነበር። እሱ በላፕቶፑ ለሰሌዳው ትእዛዝ መጻፍ ያውቃል፤ እኔ ብየዳ አውቃለሁ። የተሰበሩ ዴስኮች የተከመሩበት አንድ ክፍል ተሰጠን። ቁልፉ ዘበኛው ዘንድ ነው። ዘበኛው በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው፤ በሩን በከፈቱልን ቁጥር ዴስኮቹን እንዳንሰብራቸው ያስጠነቅቁናል።

መምህሩ በመጀመሪያው ቀን አደራ አለኝ።

«ምን እንደሚሠሩ አይንገሯቸው። ችግሩን ራሳቸው ይፈልጉ፣ መላውንም ራሳቸው ይምቱ። እኛ የምንገባው ሲጠይቁን ነው።»

«ሲያቃጥሉስ?»

«ያቃጥሉ።»

እኔ ሱቄ ለመጣ ሬዲዮ «ምን መሆን ያምርሃል?» ብዬ አላውቅም። ሬዲዮ ነው፤ ሬዲዮ ይሆናል። ይህንኑ ነገርሁት። እሱም ሳቀና፣ «እርስዎስ ማን ነግሮዎት ተማሩ?» አለኝ። ማንም ያልነገረኝ የሚነግረኝ ስላጣሁ ነው እንጂ አለመነገር ስለሚሻል አይደለም ብዬ መለስሁለት። ያኔ ጥሩ መልስ መስሎኝ ነበር። አሁንም ግማሹ ጥሩ ይመስለኛል።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ለመንፈስ አድካሚ ነበሩ። ልጆቹ «ምን እንሥራ?» ብለው ዐይን ዐይናችንን ያያሉ። መምህሩ ፈገግ ይላል። እኔ ከንፈሬን ነክሼ ጣራውን አያለሁ። ቆይቶ ቆይቶ ሥራ ጀመሩ። አንደኛው ቡድን ብርሃን ሲያይ እንደ በረሮ የሚሸሽ ጋሪ ሠራ። ምን ይጠቅማል ብዬ ብጠይቅ «ይሸሻል» አሉኝ። ሌላው ቡድን ገብስ ማሳ ላይ ቆሞ ዝንጀሮ የሚያባርር፣ አሮጌ ኮት የለበሰ የሚሽከረከር ክንድ ሠራ። ዝንጀሮ ከተማ ውስጥ ስላልተገኘ በዘበኛው ተሞከረ። ሠራ። ዘበኛውም ለአንድ ሳምንት ቁልፉን ደጅ ቆመው ነበር የሚወረውሩልን።

ልጄ አብራ የምትሠራው ድብ ባሕር ከሚባል ገጠር መጥታ ቤት ተከራይታ ከምትማር ልጅ ጋር ነበር። እኔን «አያ» ትለኛለች። ብየዳዬን አይታ «ሸጋ ነው፣ አያ» ስትል፣ ባለሙያ እንደ መሰከረልኝ ሁሉ ልቤ ደስ ይለው ነበር። ሁለቱ ልጆች ምን እንደሚሠሩ ለመወሰን ከሁሉም ዘገዩ። በመጨረሻ ልጄ ተነሥታ፣ «እጅ የሚያስታጥብ ማሽን» አለች።

«ችግሩ ምንድን ነው?» አላት መምህሩ።

«እንግዳ» አለች።

ክፍሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም፤ የተናገረችው ስለ ቤቴ ነውና። እኛ ቤት እንግዳ አይጠፋም። የመጨረሻ ልጅ ስለሆነች ጆጉንና መታጠቢያውን ይዛ ከታላቅ ጀምሮ እያዞረች የምታስታጥበው እሷ ናት፤ ከምግብ በፊትም፣ ከምግብ በኋላም። ጥናት ላይ ሳለች እንግዳ ከመጣ እርሳሷን ጥላ ትነሣለች። እኔ ይህን ሥርዓት ነው የምለው፤ አሁንም ሥርዓት ነው። እሷ ግን ችግር ብላ በሰው ፊት አወጀችው።

ሌላም ነገር ያስተዋልሁት በዚያው ቀን ነው። ይህች ልጅ እቤት «አቤት» እና «እሺ» ከሚሉት ሁለት ቃላት ውጭ ብዙም አትናገርም። እዚያ በተሰበሩ ዴስኮች መካከል ግን ውሃው ከላይ ይውረድ ወይስ በፓምፕ ይውጣ በሚለው ላይ ከድብ ባሕሯ ልጅ ጋር ሙሉ ከሰዓት ተከራከረች። እጇን ታወናጭፋለች። «ቆይ እስቲ አስጨርሺኝ!» ትላለች። ድምፅዋ እንደዚያ ወፍራም መሆኑን አላውቅም ነበር።

ካርዱ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ዝምታው ለጥቂት ቀናት ቆየ። በመጨረሻ እናቷ፣ «የሚቀጥለው ዓመት አሥራ ሁለተኛ ናት። ፈተና አለባት። ወይ አንተ ከክበቡ አውጣት፣ ወይ እኔ አወጣታለሁ» አለችኝ። አባት ፍርድ መስጠት ያለበት እናት ሳትሰጥ ነው። ልጅቱን ጠርቼ እንዲህ አልኋት፦

«ያልተጨረሰ ሥራ ሥራ አይባልም። ሰኔ ላይ የወላጆች ቀን አለ። ማሽንሽ በሰው ፊት ከሠራ፣ በሚቀጥለው ዓመትም ክበቡ ውስጥ ትቆያለሽ። ካልሠራ፣ ያ ክፍል ዐይንሽን አያየውም።»

«እሺ» አለች።

እናቷ ይበቃል አለች። እኔም ፍትሐዊ ፍርድ የሰጠሁ መሰለኝ። ሌሊት ግን ስለ ፓምፑ ማሰብ ጀመርሁ፤ ዳኛ ይህን ማድረግ የለበትም።

ሥራው ቀጠለ። ውሃው በቢጫ ጀሪካን ይቀመጣል። ፓምፑ ከአንድ ከተጋጨ ማኪና የተፈታ፣ የፊት መስታወት ላይ ውሃ የሚረጨው ነው። ኃይሉ የባጃጅ ባትሪ ነው፤ መብራት በሄደ ቁጥር ማሽን የሚቆም ከሆነ ጎንደር ውስጥ ማሽን አለኝ ማለት አይቻልምና። ከቧንቧው አፍ ሥር ርቀት የሚለካው ዐይን ተገጠመ። ትእዛዙን ልጄ ራሷ ጻፈችው፤ ለእኔም አነበበችልኝ። እጅ ካየህ ውሃ ልቀቅ፤ እጅ ከሌለ ዝጋ። ይኸው ነው። አጭር ትእዛዝ እወዳለሁ።

መምህሩ ምን እንደሚሠሩ አይንገሯቸው አለኝ እንጂ አይሞክሩላቸው አላለኝም። ስለዚህ ዋናው ሞካሪ እኔ ሆንሁ። እጄን እዘረጋለሁ፤ ውሃ ይወርዳል። ታጥቤ እመልሳለሁ፤ ይቆማል። አንዴ ዐይኑ ዘንበል ብሎ ነበር፤ አቃናሁት። አንዴ ፓምፑ ሲያጓራ ላስቲክ ከሥሩ አደረግሁለት። ልጆቹም እየተቀባበሉ ታጠቡ። በዚያ ሰሞን የክበቡን አባላት ያህል እጁ የጠራ ተማሪ በከተማው አልነበረም።

የወላጆች ቀን ሲቃረብ ልጄ አንድ ነገር ጠየቀችኝ።

«አባባ፣ እሑድ እንግዶች ሲመጡ ቤት ወስጄ ልሞክረው?»

«እንግዳ መሞከሪያ አይደለም» አልኋት።

«እኛ ብቻ ነን የሞከርነው።»

«እኔ ሞክሬዋለሁ። ይሠራል።»

«እሺ» አለች።

የወላጆች ቀን ማለዳውን ዝናብ ጣለ፤ በኋላ አባራ። ግቢው ውስጥ ዳስ ተጥሎ ነበር። ለእንግዶች ድፎ ዳቦ፣ ቆሎና ሻይ ተዘጋጅቷል። ሥጋ ስለሌለበት ክርስቲያኑም እስላሙም ከአንድ ሞሰብ ያነሣል። ልጆቹ ማሽናቸውን ዳሱ መግቢያ ላይ አቆሙት። ጀሪካኑ ሙሉ ነው። መቀበያው አዲስ ሳፋ ነው። ልጄ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ከጎኑ ቆመች። እናቷ ከኋለኛው ወንበር ሆና ታየናለች።

በዕድሜ ቀዳሚ የሆኑት ሁለት ሰዎች መጀመሪያ መጡ። አንዱ የልጅ ልጃቸውን እዚህ ትምህርት ቤት የሚያስተምሩ ቄስ ናቸው። ሌላው በገበያው የታወቁ የጨርቅ ነጋዴ፣ ሐጂ ናቸው። ሁለቱ ከጥንት ጀምሮ ጎረቤት ናቸው፤ አንዱ ሲታመም ሌላው ሳይጠይቅ አያድርም።

ልጄ ጎንበስ ብላ፣ «አባ፣ እጅዎን ይዘርጉ፤ ውሃው ራሱ ይመጣል» አለች።

ቄሱ እጃቸውን ዘረጉ። ውሃው መጣ። በዚያው ቅጽበት ግን ከኋላቸው ያሉትን ሰው አዩና እጃቸውን ሰበሰቡ።

«ሐጂ፣ ይቅደሙ እንጂ!»

ውሃው ሳፋው ውስጥ ፈሰሰና ቆመ።

«ኧረ አባ! እንዴት ተደርጎ? ይታጠቡ፣ ይታጠቡ» አሉ ሐጂ፤ የቄሱንም ክንድ ይዘው ወደ ቧንቧው ገፋ አደረጉት። ማሽኑ ክንድ አየ። ክንዱ ላይ ለቀቀ።

«በሞቴ ይቅደሙ!»

«አይሆንም፤ እኔ ልሙት አይሆንም!»

«ዛሬስ እርስዎ ነዎት እንግዳው።»

«በየት በኩል? ሁለታችንም እንግዳ ነን!»

እጅ ይዘረጋል፣ ይመለሳል። እጅ እጅን ይገፋል። አንዱ በሌላው ትከሻ ላይ ይዘረጋና መልሶ ይሰበስባል። ማሽኑ ታማኝ ነው፤ ያየውን እጅ ሁሉ ያስተናግዳል። የቄሱን እጅጌ አጠበ። የሐጂን ጫማ አጠበ። ሳፋው ሞልቶ መሬቱን አጠበ። የድብ ባሕሯ ልጅ አባት ከሰልፉ ብቅ ብለው ሲያዩ ቆዩና ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

«ምነው! ይኸ ጀሪካን ሰው ሲግደረደር አይቶ አያውቅም እንዴ?»

ዳሱ በሳቅ ፈረሰ። ፓምፑ አየር ስቦ ማጓራት ጀመረ፤ ጀሪካኑ አለቀ። እስከዚያ ድረስ አንድም ሰው እጁን አልታጠበም። ሁለቱ ሽማግሌዎች ገና አልተስማሙም ነበር።

ርእሰ መምህሩ፣ «እሺ፣ እሺ፣ ወደ ግቢው ቧንቧ በዚህ በኩል» ብለው ሰዉን ወሰዱት። እዚያም ቧንቧው ዘንድ መግደርደሩ ቀጠለ፤ ቧንቧ ግን ሰው ካልከፈተው አይከፈትም።

እናቷን አየሁ። እሷም አየችኝ። ፍርዱ በሰው ፊት ተፈጽሟል፤ ምስክሩም ብዙ ነው። ወደ ልጄ ሄድሁ። እያለቀሰች ከሆነ ምን እንደምል አዘጋጅቼ ነበር። ስለ ትዕግሥት ነበር፤ ጥሩ ምክር ነበር።

አላለቀሰችም። ወደ ቧንቧው ተከትላቸው ሄዳ፣ ሽማግሌዎቹ ሲግደረደሩ አንገቷን አስግጋ እያየች ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች። ትቆጥራለች። እጅ ተዘርግቶ እስኪመለስ ድረስ ትቆጥራለች፤ ሲመለስ እንደገና ትጀምራለች። ሁሉም ከታጠቡ በኋላ ሐጂን፣ «አባቴ፣ አንዴ ይድገሙልኝ» ስትላቸው ሰማሁ።

«ምኑን፣ ልጄ?»

«አባን ይቅደሙ የሚሉትን።»

ደገሙላት። እንዲያውም ወደዱት። ቄሱም ተባበሩ።

ከዚያ ሁለቱ ልጆች ማሽኑን ተሸክመው ወደ ዴስኮቹ ክፍል ገቡ። መምህሩ ላፕቶፑን ይዞ ተከተላቸው። ዳሱ ውስጥ ንግግር ተደረገ፣ ዳቦ ተቆረሰ፣ ሽልማት ተሰጠ። ያ የሚሸሸው ጋሪ ከፎቶ አንሺው ብርሃን ሸሽቶ ከጠረጴዛ ወደቀና ከሁሉም የበለጠ ተጨበጨበለት። ደመናው ሲከብድ ሰው መበተን ጀመረ። እናቷ፣ «ይዘሃት ና» ብላኝ ሄደች።

ክፍሉ ስደርስ ጀሪካኑ እንደገና ተሞልቷል። ዘበኛው ቁልፋቸውን ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል። ልጄ ያደረገችውን በአጭሩ ነገረችኝ። ማሽኑ እጅ እንዳየ አይለቅም። እጁ መጥቶ ዐረፍ እስኪል፣ የሚመለስ እጅ የሚመለስበት ጊዜ እስኪያልፍ ይጠብቃል። ያን ጊዜ ብቻ ይለቃል።

«ልሞክረው» ብዬ እጅጌዬን ሰበሰብሁ።

«እርስዎ አይሆኑም፣ አባባ» አለች።

«ለምን?»

 በዚያ እቤት በማልሰማው ድምፅዋ ተናገረች።

«እርስዎ ማንንም አያስቀድሙም። እጅዎ አንዴ ከመጣ መጣ ነው። መጀመሪያም የተሳሳትነው በእርስዎ እጅ ስለሞከርነው ነው።»

መምህሩ ላፕቶፑን ማየት ጀመረ። የድብ ባሕሯ ልጅ አንድ ሽቦ ከመሬት አነሣች፤ መልሳ አስቀመጠችው።  ስድብ ነው እንዳልል፣ ስድብ አልነበረም። ብልሽቱን እየነገረችኝ ነበር። እኔም ለባለ ሬዲዮ ብልሽቱን የምነግረው በዚሁ ቃና ነው። ሰውየው ሲቀየመኝ ደግሞ ይገርመኛል።

በዚህ መካከል ቄሱ በር ላይ ብቅ አሉ። ጥላቸውን ፍለጋ ነው። ሐጂም አብረዋቸው ናቸው፤ ዝናብ እየመጣ ቄሱን ብቻቸውን ትተው አይሄዱም። ልጄ ጥላውን አልፈለገችላቸውም።

«አባ፣ ሐጂ፣ አንዴ ብቻ ይታጠቡልኝ» አለች።

«ጫማዬን ደግሞ ልታጥቢ?» አሉ ሐጂ፤ ግን ገቡ።

ቄሱ እጃቸውን ዘረጉና፣ «ሐጂ ይቅደሙ» ብለው ሰበሰቡ። ማሽኑ ዝም አለ። ሐጂ ክንዳቸውን ይዘው ገፉት። ዝም አለ። «በሞቴ!» «እኔ ልሙት!» ተባባሉ፤ ማሽኑ አንዲት ጠብታ አላባከነም። በመጨረሻ ሐጂ ተሸነፉና እጃቸው ቧንቧው ሥር ዐረፈ። ውሃው መጣ፤ ቀስ ብሎ፣ እንደ ደንቡ። ቀጥሎ ቄሱ ታጠቡ።

«ይኼንስ ሥርዓት አስተምራችሁታል» አሉ።

ልጄ ወደ እኔ ዞረች። እኔም ፍርዴን አሰብሁ። «በሰው ፊት» ነበር ያልሁት። በሰው ፊት አልሠራም፤ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ውሃ ደፍቷል። አሁን ዳሱ ባዶ ነው። ቃሉን እንደ ፈለገው የሚተረጉም አባት ልጆቹን ማታለል ያስተምራቸዋል። ይህን ዕድሜ ልኬን ስናገር ኖሬአለሁ።

«አባባ» አለች፣ «አባና ሐጂ ሰው አይደሉም?»

ሁለቱ ሽማግሌዎች መልሴን ለመስማት ዞሩ። እጃቸው ገና ይንጠባጠባል።

«ናቸው» አልሁ። «በሚቀጥለው ዓመት ትቆያለሽ። ለእናትሽ እኔ እነግራታለሁ።»

«እሺ» አለች፤ በሩን ዝጊ እንዳልኋት ሁሉ። ጥላው ከዴስኮቹ መካከል ተገኘ። ሽማግሌዎቹ በአንዱ ጥላ ሥር ሆነው፣ ማን ይያዘው በሚለው እየተግደረደሩ ሄዱ።

«አሁን እርስዎም ይሞክሩ» አለችኝ ልጄ።

ወደ ማሽኑ ቀረብሁ። እጄን ዘረጋሁ። ዘበኛው አሁንም በሩ ላይ ናቸው፤ ቁልፉን በጣታቸው ያሽከረክራሉ፤ የዛሬውን ዳቦ ገና አልበሉም። በዕድሜ ይበልጡኛል። እጄን መለስሁ።

«ይቅደሙ» አልኋቸው።

«ማን? እኔ? ኧረ እርስዎ ይታጠቡ!»

«ይቅደሙ እንጂ።»

«አይሆንም፣ ጌታዬ፣ በሞቴ!»

እንደዚያ ቆየን። ልጄ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ታየናለች። ማሽኑ ጠበቀን።